የአባቶች ጥርጣሬ ጽድቅ፣ የልጆች ጥርጣሬ ክህደት?

ሐዋሳ ውስጥ ጥብቅ ሃይማኖት ባለበት ቤት ያደገ ወጣት ከመዘምራኑ መሐል መጉደል፣ በጸሎት ሰዓት ዝም ማለት፣ ለወጣቶች ጉባኤ ሲጠራ ሰበብ መፈለግ ሲጀምር ስለ እርሱ ብዙ ይጠየቃል። ማን አበላሸው? ከማን ጋር ነው የሚውለው? ስልኩ ላይ ምን ያያል? ዩኒቨርሲቲ መግባቱ ይሆን? ወይስ የሆነ መንፈስ ይዞት ነው? ጥያቄዎቹ የሚቀርቡት ለእናቱ፣ ለጓደኞቹ፣ ለፓስተሩ ነው። ወጣቱን ራሱን «ምን አስበህ ነው?» የሚለው እምብዛም አይገኝም፤ እያሰበ ነው ተብሎ አይገመትምና። ቀዘቀዘ፣ ወደቀ፣ ወደ ዓለም ገባ ይባላል። ቤቱ የኦርቶዶክስ ከሆነ መናፍቅ ሆነ፣ የሙስሊም ከሆነ ከዲኑ ወጣ ይባላል። ስሙ ይለያይ እንጂ ፍርዱ አንድ ነው፦ ጥርጣሬ ሕመም እንጂ ሐሳብ አይደለም፤ ለሕመም ደግሞ መድኃኒት እንጂ መልስ አይፈለግለትም። ስለዚህ እጅ ይጫንበታል፣ ጾም ጸሎት ይያዝለታል፣ ጠበል ይወሰዳል፣ ሽማግሌ ይላክበታል። በዚህ ካልተመለሰ ከአገልግሎት ይታገዳል፤ ቀጥሎም ሰላምታው ይሳሳል። ይህ አመለካከት በከተማችን ሥር የሰደደ ስለሆነ ፊት ለፊት የሚሟገተው ጥቂት ነው። እኔ ግን እውነታውን የሳተ፣ ሰውን የሚበድል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጠብቀው ለሚለው ለእምነቱ ራሱ ጠንቅ ነው እላለሁ።

የምንነጋገረው ስለ የትኛው ሰው እንደሆነ አስቀድመን እንለይ። ከእምነት ቤት የሚርቅ ሁሉ ተጠራጣሪ አይደለም። ሥራ በዝቶበት፣ ሰንፎ፣ ወይም ሌላ ደስታ አግኝቶ የሚቀር ሰው አለ። ይህ ሰው ከትምህርቱ ጋር ጠብ የለውም፤ ብትጠይቁት ሁሉንም አምናለሁ ይላል፣ አንድ ቀን እንደሚመለስም ይነግራችኋል። ማኅበረሰቡም ለእርሱ ልቡ ሰፊ ነው፤ የጠፋው ልጅ ተብሎ ይጠበቃል። ተጠራጣሪው ሌላ ነው። እርሱ ከፊት የሚቀመጠው፣ የጥናት ቡድኑን የሚመራው፣ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ያነበበው ነው። ያመነውን ከልቡ ስላመነ፣ ሁለት ትምህርቶች ሲጋጩበት አንዱን ትቶ ማለፍ አልሆነለትም። ካናዳውያኑ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ቦብ አልተሜየርና ብሩስ ሀንስበርገር እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት መጽሐፍ ያጠኑት በጣም ሃይማኖተኛ ከሆነ ቤት አድገው እምነታቸውን የተዉ ተማሪዎችን ነበር። ያገኙት ምስል የዐመፀኛ ጎረምሳ ምስል አይደለም። ሒደቱ አዝጋሚ ነበር፤ ብዙዎቹ ጥርጣሬያቸውን ለማስወገድ ታግለዋል፣ ጸልየዋል፣ አንብበዋል፤ ሲለዩም አጥተነዋል የሚሉት ነገር ነበራቸው። የገፋቸውም ከልጅነታቸው ጀምሮ ከሁሉ በላይ እውነትን ውደድ ተብለው መማራቸው ነው። በሌላ በኩል ራሷ መነኩሴ የነበረችው አሜሪካዊት የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ሄለን ሮዝ ኢቦ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣችው ሥራ፣ ሰዎች የኖሩበትን ትልቅ ማንነት ሲተዉ የመጀመሪያው ደረጃ ረጅም የጥርጣሬ ጊዜ መሆኑን አሳይታለች። በሐዋሳ የሚሆነው ከዚህ የተለየ ነው ብሎ ለማሰብ ምክንያት አላይም። እንዲያውም በጥብቅ ቤት ያደገ ሰው በቀላሉ አይጠራጠርም፤ ሊያጣው የሚችለው ነገር በጣም ብዙ ነው።

እንዲህ ያለው ሰው ለሐዋሳ እንግዳ ሊሆን አይገባውም ነበር፤ ይህ አካባቢ ዛሬ የያዘውን እምነት ያገኘው በእርሱ ዓይነት ሰዎች ነውና። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በያኔዋ ሲዳማ ዞን ፕሮቴስታንት ነኝ ያለው ሕዝብ ከመቶ 84 በላይ ነበር። ባህላዊውን እምነት እከተላለሁ ያለው ከመቶ 3 አይሞላም። ይህን አኃዝ ይዘን ወደ ኋላ እንሂድ። የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሰዎች በዶክተር ቶማስ ላምቢ መሪነት ወደ ደቡብ የወረዱት በ1920 ዓ.ም. ነው። የኖርዌይ ሉተራን ሚስዮናውያን ወደ ሲዳማ የመጡት ከጣልያን ወረራ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የሲዳማ ሰው ማጋኖን የሰማይ አምላክ ብሎ ያውቅ፣ ለሞቱ አባቶቹ መሥዋዕት ያቀርብ ነበር። እንግዲህ በአንድ ሰው ዕድሜ ልክ ውስጥ አንድ ሕዝብ የአያቶቹን እምነት በሌላ ተክቷል ማለት ነው። ይህ እንዴት ሆነ? ሚስዮናዊ ስለመጣ ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ሚስዮናውያኑ ጥቂት ነበሩ። በጎረቤት ወላይታ የሆነው ምስክር ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን ሚስዮናውያኑ አገሩን ለቀው ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 50 እንኳ አይሞሉም ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 ደርሰው እንዳገኟቸው የሚስዮኑ ታሪክ ይናገራል። ፈረንጅ በሌለበት ይህን ያደረገው የአገሬው ሰው ነው። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጀርባ ደግሞ አባቱ ለሞቱት የሚያቀርበውን መሥዋዕት እያየ «ይህ ነገር በእርግጥ ይሠራል?» ብሎ በልቡ የጠየቀ አንድ ልጅ አለ። ያ ልጅ ከመጠመቁ በፊት ተጠራጥሯል። ሳይጠራጠር መጠመቅ አይችልም ነበር።

ሐዋሳ ራሷ በዚህ ታሪክ ውስጥ ያላት ቦታ ከዚህም ይልቃል። ከተማዋ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ስትቆረቆር የስዊድን ፊላደልፊያ ሚስዮን አብሯት ነበር የገባው። ሚስዮኑ በየክረምቱ ያዘጋጀው የነበረው የመጽሐፍ ቅዱስ ኮርስ፣ በተለይም አንድ ኬንያዊ ወንጌላዊ ያገለገለበት የ1957 ዓ.ም. ክረምት ጉባኤ፣ በኢትዮጵያ የጴንጤቆስጤ እንቅስቃሴ ታሪክ ውስጥ እንደ መነሻ ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። ወደዚያ የመጡት እነማን ነበሩ? ተማሪዎች፣ የአሥራዎቹና የሃያዎቹ ዕድሜ ልጆች፤ ብዙዎቹ በኦርቶዶክስ ቤት፣ አንዳንዶቹ በቆዩት የሚስዮን አብያተ ክርስቲያናት ያደጉ። ከዚህ እንቅስቃሴ የወጣችው ሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን በ1959 ዓ.ም. ለመመዝገብ ስትጠይቅ መንግሥት ከለከላት፤ በ1964 ዓ.ም. ደግሞ በመቶ የሚቆጠሩ ምእመናኗ አዲስ አበባ ውስጥ ታሰሩ። በየቤቱ ይወርድባቸው የነበረው ወቀሳም የታወቀ ነው፦ ፈረንጅ አበላሻቸው፣ አእምሯቸው ተነካ፣ የእናት የአባታቸውን ሃይማኖት ካዱ፣ ቤተሰብ አዋረዱ፣ አገር ሊያፈርሱ ነው። ዛሬ የእነዚያ ወጣቶች ልጆችና የልጅ ልጆች ጥያቄ ሲያነሡ የሚሰሙት ያንኑ ነው፤ በፈረንጅ ቦታ ስልክና ዩኒቨርሲቲ ገባ እንጂ የተለወጠ ነገር የለም። በዚያ ወቀሳ የተቃጠለ ትውልድ ያንኑ ወቀሳ ለልጁ ማውረሱ እጅግ ያሳዝነኛል።

እዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አውቃለሁ፤ ቀላልም አይደለም። «እነዚያ አልተጠራጠሩም፤ ተጠሩ። ከስሕተት ወደ እውነት የሚወስድ መንገድና ከእውነት ወደ ስሕተት የሚወስድ መንገድ አንድ አይደለም» ይባላል። ነገር ግን መንገዱን እየሄደበት ባለው ሰው ዓይን እንየው። የአባቶቹን መሥዋዕት መጠራጠር የጀመረው ልጅ የት እንደሚደርስ አያውቅም ነበር። አሮጌውን ትቶ አዲሱን ገና ያልያዘበት ወራት፣ ምናልባትም ዓመታት ነበሩት። በዚያ መሐል ቢሞት እናቱ ልጄ ካደ ብላ ትቀብረው ነበር። ፍጻሜውን አይተን ጥርጣሬውን እንመርቃለን ካልን፣ ጥርጣሬን የምንፈርደው ካለፈ በኋላ ብቻ ነው ማለት ነው፤ ለዛሬ ተጠራጣሪ የሚሆን ሚዛን የለንም። ከዚያም በላይ፣ ፍጻሜው መልካም ነው መጥፎ ነው የሚለው ማን ነው? የ1957ቱን ወጣቶች ፍጻሜ የወላጆቻቸው ካህናት ጥፋት ብለውታል። ባህላዊ እምነቱን የጠበቀ የሲዳማ ሽማግሌም የልጆቹን ጥምቀት ጥፋት ብሎታል። «ወደ እኛ የመጣ ጠቢብ፣ ከእኛ የሄደ ሕመምተኛ» የሚል ሕግ ሁሉም በየበኩሉ ሊናገረው ይችላል፤ ሁሉም የሚናገረው ከሆነ ደግሞ እውነት በማን ዘንድ እንዳለ ምንም አይነግረንም።

ከዚህ ጋር አብሮ መታየት ያለበት ጥርጣሬ ሁልጊዜ ወደ መውጫው በር አለመውሰዱ ነው። በሙስሊሙ ዓለም ከታላላቆቹ ሊቃውንት አንዱ የሆነው ኢማም አል ገዛሊ ሕይወቱን በጻፈበት መጽሐፉ፣ የክርስቲያን ልጅ ክርስቲያን፣ የአይሁድ ልጅ አይሁድ፣ የሙስሊም ልጅ ሙስሊም ሆኖ እንደሚያድግ አስተውሎ ከወላጅ የተወረሰ እምነት ብቻውን እርግጠኝነት እንደማይሆን መረዳቱን ይተርካል። በዓይኑ የሚያየውን እስከ መጠራጠር ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1095 በባግዳድ የነበረውን የከበረ የመምህርነት ወንበር ትቶ ሄደ። ሲመለስ እምነቱ ጸንቶ ነበር፤ ያጸናውም ያ ጉዞ ነው። ማንም በዚያ መሐል ይዞ ቢያስገድደው ኖሮ እስልምና ከሊቃውንቱ አንዱን ባጣ ነበር። ይህን የምጠቅሰው ተጠራጣሪ ሁሉ ይመለሳል ለማለት አይደለም፤ አይመለስም፣ የማይመለሰውም ያው ክብር ይገባዋል። ጥያቄ የሚጠይቀውን ሰው መጨረሻ አስቀድመን እናውቃለን የሚለው እምነት መሠረት እንደሌለው ለማሳየት ነው።

የመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢዎች ደግሞ ከማንም በላይ ይህን ሊረዱ ይገባ ነበር። ቶማስን ሁሉም በስድብ ያስታውሰዋል፤ በዮሐንስ ወንጌል የተጻፈውን ግን ልብ ብለን አናነብም። ሌሎቹ ደቀ መዛሙርት ጌታን አየነው ሲሉት አላምንም ካለ በኋላ፣ ከስምንት ቀን በኋላም በዚያው ቤት ከእነርሱ ጋር ነበር። ያን ሁሉ ቀን ማንም አላባረረውም፣ ከኅብረት አልለየውም፣ ማን አበላሸህ አላለውም። ኢዮብ እግዚአብሔርን ፊት ለፊት ሲሞግት፣ ወዳጆቹ ደግሞ እግዚአብሔርን ሲከላከሉ ቆይተው በመጨረሻ የተገሠጹት ተከላካዮቹ ናቸው። የልጁን ፈውስ የለመነው አባት ማመኑንም አለማመኑንም በአንድ ትንፋሽ ተናግሮ የለመነውን አግኝቷል። የቤርያ ሰዎች ጳውሎስ የነገራቸውን ሳይመረምሩ ባለመቀበላቸው ተመስግነዋል። በየሳምንቱ ይህ መጽሐፍ በሚነበብበት አዳራሽ ውስጥ ጥያቄ የሚያነሣ ልጅ እንደ ጠላት መታየቱን የሚደግፍ ነገር ከመጽሐፉ ውስጥ የሚገኝ አይመስለኝም።

ወደ ዛሬው ችግራችን ልምጣ፤ ነገሩ እዚህ ላይ ከመጽሐፍ ክርክር አልፎ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ይሆናልና። ባለፉት ሃያ ዓመታት ራሳቸውን ነቢይ፣ ሐዋርያ ያሉ ሰዎች በከተሞቻችን በዝተዋል። ትንቢት በገንዘብ ይሸጣል፣ ፈውስ በካሜራ ፊት ይታወጃል፣ ድሀ እናት ያላትን ሁሉ ዘር ዘራሁ ብላ ትሰጣለች። በ2010 ዓ.ም. ክረምት በምዕራብ ወለጋ አንድ እንዲህ ያለ ሰው ሙት አስነሣለሁ ብሎ መቃብር አስከፍቶ ሬሳ ላይ እስከ መተኛት ደረሰ፤ ሙቱ አልተነሣም፣ እርሱም ታሰረ። ነባሮቹ አብያተ ክርስቲያናት በዚህ ነገር አዝነው ምእመናኑን «መርምሩ፣ መንፈስን ሁሉ አትመኑ» እያሉ ያስተምራሉ። ትክክል ናቸው። ግን ሕዝቡ መመርመርን ከየት ይማር? ከሕፃንነቱ ጀምሮ የአገልጋይን ቃል መጠየቅ እግዚአብሔርን መጠየቅ ነው ተብሎ ያደገ ሰው፣ በሃያ አምስት ዓመቱ ሐሰተኛ ነቢይ ሲገጥመው በድንገት መርማሪ ሊሆን አይችልም። መጠራጠርን በአንድ አቅጣጫ ብቻ መፍቀድ አይቻልም። የኤችአይቪን ዘመን እናስታውስ። ተፈውሳችኋል ተብለው መድኃኒታቸውን ያቋረጡ ሰዎች በሁሉም ወገን ነበሩ፤ በጠበሉም፣ በአዳራሹም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ አብረው እንዲወሰዱ፣ መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑን በይፋ መናገር አስፈልጓቸው ነበር። ከዚያ በፊት ክኒኑን በድብቅ ይውጥ የነበረ ምእመን በሕይወት የቆየው የተነገረውን ስለ ተጠራጠረ ነው።

«ጥርጣሬን ፈቅደን አይተነዋል፤ መጨረሻው ደርግ ነው» የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ። ያ ዘመን ጥሎባቸው ያለፈው ቁስል እውነት ስለሆነ ይህን ተቃውሞ በአክብሮት ነው የምመልሰው። ደርግ በደቡብ አብያተ ክርስቲያናትን ዘግቷል፣ አማኞችን አስሯል፤ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩትን ቄስ ጉዲና ቱምሳን በሐምሌ 1971 ዓ.ም. አስጠልፎ ገድሏል። ግን ደርግ የጥርጣሬ መንግሥት ነበር? ማርክሲዝም ሌኒኒዝምን መጠራጠር ይፈቅድ ነበር? በየውይይት ክበቡ የተሰጠውን ትምህርት መድገም ግዴታ ነበር፤ የጠየቀ አድኃሪ፣ ጸረ ሕዝብ ይባል ነበር፤ ከዚህ በላይ የጠየቀ ይገደል ነበር። ደርግ የወሰደው ከጥብቅ ሃይማኖት የከፋውን ጎን ነው፤ ጥያቄን እንደ ክህደት መቁጠርን። ቄስ ጉዲናም የሞቱት በወቅቱ በሁሉም ላይ የተጫነውን ትምህርት አልቀበልም ስላሉ ነው። በእርሳቸው ሞት የሚኮራ ሰው ትልቁን ትምህርት ሊያጣው አይገባም፤ ኅሊና በኃይል አይገዛም። ይህ ለመንግሥት ብቻ የተነገረ አይደለም።

ሌላው ተቃውሞ የሞራል ነው። ከእምነት የወጣ ልጅ በጫትና በመጠጥ ይጠፋል፣ ልጓም የሌለው ይሆናል ይባላል። በከተማችን በሱስ የተያዙ ወጣቶች መኖራቸውን አልክድም፤ ጉዳዩም ያሳስበኛል። ነገር ግን ቀደም ብዬ የለየኋቸውን ሁለቱን ሰዎች እዚህ መደባለቅ አይገባም። በጫት ቤት ከሚገኙት መካከል ብዙዎቹ በእግዚአብሔር መኖር ቅንጣት አይጠራጠሩም፤ አንዳንዶቹም ከማንም በላይ ይፈሩታል። በአንጻሩ ጥርጣሬ የገባው ልጅ የሚጠፋበት አንድ የታወቀ ምክንያት አለ፤ ቤተሰቡን፣ ጓደኛውን፣ መካሪውን በአንድ ጊዜ ሲያጣ። ዕድሜውን ሙሉ ወዳጆቹ ሁሉ ከአንድ ጉባኤ የሆኑለትን ሰው ከዚያ ጉባኤ ስናስወጣ፣ ከዚያም ብቸኝነቱ ሲሰብረው «አየህ፣ እምነቱን ትቶ የሆነውን!» እንላለን። የሰበርነው እኛ ነን። ለጥርጣሬ የተከፈለው ዋጋ ሁሉ የጥርጣሬ ፍሬ ተደርጎ ሊቆጠር አይችልም፤ አብዛኛው ከእኛ እጅ የወጣ ቅጣት ነው።

በጣም የሚከብደኝ የወላጆች ጉዳይ ነው፤ ቸኩዬ ላልፈውም አልፈልግም። ልጇ ለዘላለም ይጠፋብኛል ብላ የምታምን እናት ፍርሃቷ ስንፍና አይደለም። ያመነችውን በእውነት ካመነች፣ ከዚህ የሚበልጥ ፍርሃት የለም፤ ሌሊት ተነሥታ ማልቀሷ ፍቅር ነው። ይህን ስቃይ የሚያቃልል ሰው ስለ ሃይማኖት ባይናገር ይሻላል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 27 ንዑስ አንቀጽ 4 ወላጆች ልጆቻቸውን በእምነታቸው የማሳደግ መብት እንዳላቸው ደንግጓል፤ ትክክል ነው። ከዚያ አንድ መስመር ከፍ ብሎ ግን ንዑስ አንቀጽ 3 ማንንም ሰው የሚፈልገውን እምነት ለመያዝ ያለውን ነጻነት በኃይል ወይም በሌላ ማስገደጃ መገደብ እንደማይቻል ይናገራል። ሁለቱ የሚጋጩት ልጁ ልጅ ሆኖ ይቀራል ብለን ካሰብን ብቻ ነው። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 14 የወላጅ አመራር ከልጁ የማስተዋል ዕድገት ጋር አብሮ እንዲሄድ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ለአምስት ዓመት ልጅ ጸሎት ማስተማር የእናት መብት ነው። የሃያ ዓመት ወጣትን የትምህርት ክፍያ እያቋረጡ፣ ከቤት እያስወጡ፣ «ካልተመለስክ ልጄ አይደለህም» እያሉ መያዝ ግን በፍቅር ስም የሚደረግ ማስገደድ ነው።

ማስገደዱም የሚፈለገውን አያስገኝም፤ የሚያስገኘው ውሸት ነው። በጥብቅ ቤት ያደገ ተጠራጣሪ መጀመሪያ የሚማረው ማስመሰል ነው። መቼ እጅ እንደሚነሣ፣ መቼ እንደሚለቀስ፣ ልሳን ሲባል ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚወጣ ያውቃል፤ በጾሙ ወራት ከቤት ውጭ የት እንደሚበላም ያውቃል። ሌሎችን ትምህርተ ሃይማኖት ያስተምራል፤ እርሱ ግን ማመን ካቆመ ቆይቷል። ቤተ ክርስቲያን በዚህ መንገድ አባላቷን አልጠበቀችም፤ ያላትንና የሌላትን መለየት አቃታት እንጂ። ከዚህ የከፋው ደግሞ ትዳር ነው። በአብዛኛው ጉባኤ ከምእመን ውጭ ማግባት ስለማይፈቀድ፣ በልቡ የለቀቀ ሰው በአፉ አማኝ ሆኖ ያገባል፤ ከዓመታት በኋላ ነገሩ ሲወጣ ዋጋውን የምትከፍለው በቅንነት ያመነችው ሚስት፣ ወይም በቅንነት ያመነው ባል ነው። ሃቀኛ ጥርጣሬ በቶሎና በግልጽ ሊነገር ቢችል ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ።

ለተጠራጣሪዎቹም የምለው አለ። ከጥብቅ እምነት የወጣ ሰው ጥብቅ ንቀት ይዞ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ይታያል፤ ያደገበትን ቤት ሁሉ ድንቁርና ብሎ ይጠራዋል፣ የእናቱን ጸሎት ይሣለቅበታል። ይህ በዝግታ የማሰብን ሥራ መተው ነው። ያቺ ቤት ማንበብን፣ ሳይታክቱ መሰብሰብን፣ ለታመመ መድረስን ያስተማረች ናት። የሲዳማን የዘመን መለወጫ በዓል፣ ፍቼ ጨምበላላን ያየ ሰው የችኮላ ፍርድ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፤ ብዙ የወንጌል አማኞች ከባዕድ አምልኮ ቆጥረው ለዓመታት ሲርቁት ኖረው፣ ዛሬ በጉዱማሌ አደባባይ እንደ ባህላቸው ኮርተው የሚያከብሩት ጥቂት አይደሉም። የአያቶቻቸውን ነገር ሁሉ በአንድ ቀን ጥለው፣ የተጣለው ሁሉ መጣል እንዳልነበረበት ለመረዳት ሁለት ትውልድ ፈጅቶባቸዋል።

የመጨረሻው ተቃውሞ «አብሮ መኖር እንዴት ይቻላል?» የሚል ነው። እምነቱን ካልተካፈልን ምን ያገናኘናል ይባላል። መልሱን ግን ራሳችን ሠርተን አስቀምጠነዋል፤ ዕድር ነው። ከተማችን ከልዩ ልዩ አካባቢ በመጡ ሰዎች የተሞላች ናት፤ በየሰፈሩ ኦርቶዶክሱ፣ ጴንጤው፣ ሙስሊሙ፣ ካቶሊኩ በአንድ ዕድር ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ይደረድራል፣ ሟች ምን ያምን እንደነበር ሳይጠይቅ ከኀዘንተኛው ጋር ይቀመጣል። የጎረቤትን ልዩ እምነት የቻለ ትከሻ የገዛ ልጁን ጥያቄ የማይችልበት ምክንያት የለም። ችግሩ ያለው ከድንኳኑ በኋላ ነው። መቃብሩ በሃይማኖት የተከፋፈለ ስለሆነ በየትኛውም ያልተመዘገበ ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ይጨነቃል፤ ብዙዎች እስከ ዕለተ ሞታቸው የማያምኑበትን የአባልነት መታወቂያ የሚይዙትም ለዚህ ነው። የሕዝብ ቆጠራው ውጤት እንኳ ሲታተም ከኦርቶዶክስ፣ ከፕሮቴስታንት፣ ከካቶሊክ፣ ከእስልምናና ከባህላዊ እምነት ውጭ ያለውን ሁሉ «ሌላ» በሚል አንድ ረድፍ ያጠቃልለዋል። በንጉሡ ዘመን በብዙ የአገሪቱ ክፍል ወንጌላውያን ለሬሳቸው መሬት ተነፍገው እንደነበር የዛሬዎቹ ሽማግሌዎች ያስታውሳሉ፤ መቃብር መከልከል ሕያዋንን በፍርሃት ለማሠር እንደሚውል ከማንም በላይ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ስለዚህ የሐዋሳ አብያተ ክርስቲያናት ጥያቄ ያነሣ አባላቸውን ሳያነጋግሩ ከመዝገብ መሰረዛቸውን ያቁሙ፤ የከተማው ማዘጋጃ ቤትም ማንም ሰው ሃይማኖቱ ሳይጠየቅ የሚቀበርበት የሕዝብ መቃብር ያዘጋጅ፤ ይህንንም አስቀድመው መጠየቅ የሚገባቸው ያ ግፍ የደረሰባቸው ወገኖች ናቸው።